ጦርነት ከየት ይመጣል?
በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከደረሰው የርስ በርስ ጦርነት የምናገኘው ትምህርት



«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ስለ ጦርነት በምንነጋገርበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ስለ አንድ ጦርነት ስንጠየቅ ብዙውን ጊዜ ፈጥነን የምንመልሰው «ማን ጀመረው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። መልሳችንም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ሌላው ወገን ነው» የሚል ይሆናል። ይህ ዐይነቱ መልስ ቂምን ያቆያል እንጂ ዕውቀትን አይጨምርም። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎች ወጣቶች የሚያነሡት ጥያቄ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ይኸውም «በአንድ አምላክ የሚያምኑ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ ሰዎች እንዴት እስከ መገዳደል ይደርሳሉ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ለታሪክ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በመካኒሳ አቦ አካባቢ የምንኖር ሁሉ እንደምናውቀው፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪየምና የካቶሊካውያን ገዳማውያን ቤቶች በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ይገኛሉ። በእድራችን ድንኳን ሥር ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ወንጌላዊውና ሙስሊሙ በአንድ አግዳሚ ይቀመጣሉ። በቅርብ ዓመታትም በልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍሎች በተነሡ ግጭቶች ወገናቸውን ላጡ ጎረቤቶቻችን በዚሁ ድንኳን ሥር ለቅሶ ተቀምጠናል። እንግዲህ የጦርነትን መንስኤ መመርመር ለእኛ የጉርብትናችን ጉዳይ ነው።

ለዚህ ጥናት የመረጥነው ምሳሌ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት፣ በተለይም ከ1622 እስከ 1632 ድረስ በሀገራችን የደረሰው የርስ በርስ ጦርነት ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዘመኑ ስለ ራቀ ስሜታችን ሳይቀድመን ልናጤነው እንችላለን። ሁለተኛ፣ በዚያ ጦርነት የካቶሊክ ወገን ከዳር ቆሞ የተመለከተ ሳይሆን ባለ ድርሻ ስለ ነበረ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ ጥለን ልናልፍ አንችልም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

1. ሰበብ ሌላ፣ ሥር ሌላ

በቋንቋችን «ሰበብ» እና «ሥረ ምክንያት» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰበብ ማለት ጦርነቱ በፈነዳበት ዕለት የታየው ድርጊት ነው፤ ሥረ ምክንያት ግን ያ ድርጊት ጦርነት ለመቀስቀስ እንዲበቃ ያደረገው፣ ለዓመታት ሲጠራቀም የቆየው ነገር ነው። ክብሪት በረጠበ ሣር ላይ ቢወድቅ ይጠፋል፤ በደረቀ ሣር ላይ ሲወድቅ ግን አገር ያቃጥላል። ስለዚህ የሚመረምር ሰው ክብሪቱን ማን እንደ ጫረ ብቻ ሳይሆን ሣሩን ምን እንዳደረቀውም መጠየቅ አለበት።

ለምሳሌ ሰኔ 28 ቀን 1914 በሳራየቮ ከተማ የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ መገደሉ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰበብ ሆነ። ከበስተኋላው ግን የኃያላን መንግሥታት የጦር ቃል ኪዳን፣ የመሣሪያ እሽቅድምድም፣ የቅኝ ግዛት ሽሚያና የባልካን ሕዝቦች የነጻነት ጥያቄ ነበሩ። እንዲሁም በታኅሣሥ ወር 1934 በወልወል የተደረገው ግጭት ፋሺስት ኢጣልያ በማግሥቱ ዓመት ሀገራችንን ለመውረር ሰበብ አደረገችው። ሥሩ ግን በ1896 በዐድዋ የደረሰባት ሽንፈት ቂምና ኤርትራንና ሶማልያን በአንድ ግዛት የማጋጠም ምኞት ነበር። ወልወል ባይኖር ኖሮ ሌላ ሰበብ ይፈለግ እንደ ነበር ጥርጥር የለውም።

2. የጦርነቱ ታሪክ ባጭሩ

ነገሩ የሚጀምረው ዐፄ ሱስንዮስ ከመንገሣቸው አስቀድሞ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ከ1529 ጀምሮ ባካሄዱት ዘመቻ የክርስቲያኑ መንግሥት ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ፣ በ1541 በክርስቶፎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች በምጽዋ በኩል ገብተው ረዱ። ጦርነቱም በ1543 በዐፄ ገላውዴዎስ ድል አድራጊነት ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ የፖርቱጋል ነፍጥ ከቤተ መንግሥቱ አሳብ አልጠፋም፤ በሮም በኩል ደግሞ ኢትዮጵያን ከመንበረ ጴጥሮስ ጋር አንድ የማድረግ ተስፋ በረታ። በ1557 ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ገቡ፤ ኋላም በዐድዋ አጠገብ በፍሬሞና ተቀመጡ። ዐፄ ገላውዴዎስ ግን አስቀድመው በ1555 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የሚገልጥ የእምነት መግለጫ ጽፈው ነበር፤ ወዳጅነቱን ቢወድዱም ሃይማኖታቸውን ለመለወጥ ፈቃደኛ አልነበሩም።

በ1603 አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባሉ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ገቡ። ቋንቋውን የተማሩ፣ በትዕግሥት የሚናገሩ፣ የኢትዮጵያንም ታሪክ በሰፊው የጻፉ ሰው ነበሩ። ዐፄ ዘድንግል ትምህርታቸውን ወድደው የቀዳሚት ሰንበት አከባበር እንዲቀር ቢያዝዙ መኳንንቱ ዐመፁ፤ አቡነ ጴጥሮስም ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው መሐላ ፈቱት። ዐፄ ዘድንግል በ1604 በጦርነት ተገደሉ። ይህ ለሚያስተውል ሁሉ በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1607 በጎጃም በጎል ጦርነት ተቀናቃኛቸውን ዐፄ ያዕቆብን ድል አድርገው ዙፋኑን ያዙ። አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ጦርነት ሞቱ። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በ1612 ካቶሊክ ሆኑ፤ ንጉሡ ራሳቸውም ቀስ በቀስ ወደዚያው አዘነበሉ። በ1617 አቡነ ስምዖን አዲሱን ትምህርት አወገዙ፤ የንጉሡ አማች ዮልዮስም ከእርሳቸው ጋር ተነሣ። ሁለቱም በጦርነቱ ወደቁ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቅድስና የሚከበሩት እመ ምኔት ወለተ ጴጥሮስ፣ የንጉሡ ከፍተኛ ሹም ከነበሩት ባላቸው ተለይተው ወደ ምንኩስና የሄዱት በዚሁ ዘመን ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ክፍፍሉ ከጦር ሜዳ በፊት በየቤቱ፣ በባልና በሚስት መካከል ገብቶ ነበር።

በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በግልጽ አወጁ። አባ ፓኤዝም በዚያው ዓመት በጎርጎራ ዐረፉ። ከሮም የተሾሙት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ገብተው፣ በየካቲት 1626 በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ንጉሡና መኳንንቱ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የተከተለው ፈጣን ነበር፤ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ምእመናኑ እንደገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት እንዲቀሩ፣ የጾምና የበዓላት ሥርዓትም እንዲለወጥ ታዘዘ።

ዐመፁ ከየአቅጣጫው ተነሣ። በ1628 የንጉሡ አማች የትግሬው ገዥ ተክለ ጊዮርጊስ ሸፈተ። በ1629 የላስታ ገበሬዎች በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሥተው የንጉሡን ጦር በተራሮቻቸው ላይ አሸነፉ። በመጨረሻም በሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ዐፄ ሱስንዮስ ድል አደረጉ። በሜዳው ላይ የወደቁት ገበሬዎች 8000 ያህል እንደ ነበሩ በዘመኑ የተጻፈ ይናገራል። ንጉሡ የድል ሜዳቸውን ሲመለከቱ መኳንንቱ ያሳሰቧቸው ነገር ቢኖር የወደቁት ባዕዳን ጠላቶች ሳይሆኑ የገዛ ክርስቲያን ወገኖቻቸው መሆናቸውን ነው። በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ነገሩ፤ ሥልጣኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። በመስከረም 1632 ዐርፈው በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ።

3. ሣሩን ያደረቀው ምን ነበር?

የዚህ ጦርነት ሰበብ የሃይማኖት ለውጥ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሃይማኖት ብቻውን ነው ብለን ብናቆም ሥሩን አላገኘነውም። ቢያንስ አምስት ነገሮች ተገጣጥመው እናገኛለን።

ሀ/ ያልጸና ዙፋን። ከ1597 እስከ 1607 ባሉት ዓመታት ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ሱስንዮስ ለአንድ ዙፋን ተጋጥመዋል፤ አንዱ ሌላውን እየጣለ ነግሧል። በጦር የመጣ ንጉሥ በጦር እንዳይሄድ ይፈራል። ስለዚህ ዐፄ ሱስንዮስ መኳንንቱንና ጳጳሱን የማይፈራ ጽኑዕ ማዕከላዊ ሥልጣን ይፈልጉ ነበር። አዲሱ ሃይማኖት ለነፍሳቸው ያመኑበት ቢሆንም፣ ለዙፋናቸውም ድጋፍ ሆኖ መታየቱን መካድ አይቻልም። መኳንንቱ በበኩላቸው ሲዐምፁ ስለ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞ ሥልጣናቸው እንዳይቀርባቸውም ሰግተው ነበር።

ለ/ ከውጭ የሚጠበቅ ኃይል። ንጉሡ ከፖርቱጋል የጦር ሠራዊት ለማግኘት ተስፋ አድርገው ነበር። የተጠበቀው ሠራዊት አልመጣም። ተስፋው ግን ሁለት ጉዳት አደረሰ። በአንድ በኩል ቤተ መንግሥቱ ከገዛ ሕዝቡ ጋር ከመስማማት ይልቅ ወደ ባሕር ማዶ እንዲመለከት አደረገው። በሌላ በኩል ሕዝቡ ካቶሊክነትን የባዕድ ጦር መግቢያ በር አድርጎ እንዲቈጥረው አደረገ።

ሐ/ የገበሬው ሸክም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ዘመቻ ያልተደረገበት ዓመት ጥቂት ነው፤ ከኦሮሞ፣ ከአገው፣ በስሜን ከቤተ እስራኤልና በምዕራብ ከፉንጅ ጋር ውጊያ ተደርጓል። ዘማቹ የሚኖረው ደግሞ በገበሬው እህልና ከብት ላይ ነበር። ወታደር ያረፈበት አገር አንበጣ እንዳረፈበት ይቈጠራል። የላስታ ገበሬ ጦር ባነሣ ጊዜ ታቦቱን ብቻ ሳይሆን ጎተራውንም መከላከሉ ነበር።

መ/ እምነት በአዋጅ። ፓትርያርክ ሜንዴዝ የመጡት «የገዥው ሃይማኖት የተገዥው ሃይማኖት ነው» የሚል ሥርዓት ከሰፈነበት አውሮፓ ነው። ይህ ሥርዓት በ1555 በአውግስቡርግ በሕግ ጸንቶ ነበር። በዚያው ዘመን፣ ከ1618 እስከ 1648፣ አውሮፓ ራሷ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በሚል በሠላሳ ዓመት ጦርነት ትነድድ ነበር። በዚያም ቢሆን ሃይማኖት ብቸኛው ሥር አልነበረም፤ ካቶሊካዊቷ ፈረንሳይ በ1635 ከፕሮቴስታንቷ ስዊድን ጎን ተሰልፋ ካቶሊኩን ንጉሠ ነገሥት መውጋቷ ይህን ያስረዳል። አባ ፓኤዝ በማስረዳት ያገኙትን፣ ተከታያቸው በትእዛዝ ለመጨረስ ሲጣደፉ አጡት። ሕዝቡን ከሁሉ ይልቅ ያቈሰለው ረቂቁ የነገረ መለኮት ክርክር ሳይሆን፣ አባቱ ያልተጠመቀ፣ ካህኑ ካህን ያልነበረ፣ የተሳለመው ቤተ ክርስቲያን ያልተቀደሰ ነው መባሉ ነው።

ሠ/ የተዘጋ በር። መኳንንቱ፣ መነኮሳቱ፣ የንጉሡም ቤተሰብ ደጋግመው አቤት ብለዋል። ጳጳሱ በጦር ሜዳ ከወደቁ በኋላ ግን በሕዝቡና በንጉሡ መካከል ቆሞ የሚናገር ሽማግሌ አልቀረም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፓትርያርኩ በቅዳሴውና በጾሙ ሥርዓት ጥቂት ማሻሻያዎችን ፈቅደው ነበር፤ ነገር ግን ደም ከፈሰሰ በኋላ ስለ ሆነ የሚሰማ አልተገኘም። ሰው አቤቱታውን በቃል የሚያሰማበት በር ሲዘጋበት በጦር ለማሰማት ይነሣል። ከአምስቱ ሁሉ ሰበቡን ወደ እሳት የለወጠው ይህ መጨረሻው ይመስለናል፤ የቀሩት አራቱ በጊዜ ቢሰሙ ኖሮ ሊበርዱ ይችሉ ነበርና።

4. ጦርነት ጦርነትን ይወልዳል

ጦርነቱ በአዋጅ ቢቆምም መዘዙ አልቆመም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን በ1633 ወደ ፍሬሞና፣ በ1634 ደግሞ ከሀገር አስወጡ። በ1638 ብፁዓን አጋታንጀሎና ካሲያኖ የተባሉ ሁለት ካፑቺኖች፣ ቀድሞ በተደረገው ነገር እጃቸው ሳይኖርበት፣ በጎንደር ተሰቅለው ሞቱ። የሞቱት ለራሳቸው እምነት ነው፤ የተጠሉት ግን በሌላ ሰው ሥራ ትዝታ ጭምር ነው። ከኢየሱሳውያን ጋር በተደረገው የነገረ መለኮት ክርክር የተነሣው የቅባትና የጸጋ ጉዳይም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስከ 1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ሲያከራክር፣ አንዳንዴም ሲያጋድል ኖሯል። በዚያው በቦሩ ሜዳ ዘመን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በመታዘዛቸው ደግሞ አዲስ ዐመፅ ተቀሰቀሰ። ስለዚህ እምነትን በአዋጅ የማስያዝ ስሕተት የአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ከ200 ዓመታት በኋላ ግን ሌላ መንገድ ታየ። በ1839 የገቡት፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ብሎ የጠራቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ያለ ወታደርና ያለ አዋጅ መጡ፤ የሀገሩን ቋንቋ ተምረው የግዕዙን ሥርዓት አከበሩ። በ1841 ደጃዝማች ውቤ ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞች ሲልኩ አብረው ሄዱ። ከተጓዦቹም አንዱ የነበሩት መነኩሴ፣ በ1855 በእስራት ያረፉት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። የዛሬዋ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የበቀለችው ከደንቀዝ አዋጅ ሳይሆን ከዚህ ትሕትና ነው።

5. ይህ መመዘኛ በሌሎች ጦርነቶች ላይ

ከላይ ያየናቸውን ሥሮች ይዘን ሌሎችን ጦርነቶች ብንመረምር ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን።

በግንቦት 2 ቀን 1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ በኩል ለማድረግ እንደሚችሉ፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ እንዳለባቸው ይገልጥ ነበር። የዐድዋ ጦርነት ከአንድ ግሥ የተነሣ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው በ1885፣ በዶጋሊ የተዋጋችው በ1887 ነው። ግሡ ሰበብ ነው፤ ሥሩ አፍሪካን የመቀራመት ዘመቻ ነው።

በግንቦት 1998 ኢትዮጵያና ኤርትራ በባድመ ምክንያት ወደ ጦርነት ሲገቡ ብዙ ሰው የባድመን ስም የሰማው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1900፣ በ1902ና በ1908 የተፈረሙት ውሎች በምድር ላይ ሳይከለሉ መቅረታቸው፣ በ1997 ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ካወጣች በኋላ በንግድ የተነሣው አለመግባባት፣ የሁለቱ መሪዎች ፉክክርም ነበሩ። በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ወጣቶች አለቁ፤ በ2000 በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም እርቁ እስከ 2018 ዘገየ።

በሩዋንዳ ሚያዝያ 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 100 ያህል ቀናት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደሚገምተው፣ 800,000 ያህል ሰው ተጨፈጨፈ። አውሮፕላኑ ሰበብ ነው፤ ሥሩ በቅኝ ግዛት ዘመን በመታወቂያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ዘር፣ በሬዲዮ ለዓመታት የተዘራው ጥላቻ ነው። ይህ ሲሆን በሮም የአፍሪካ ጳጳሳት ሲኖዶስ ተሰብስቦ ቤተ ክርስቲያንን የእግዚአብሔር ቤተሰብ አድርጎ ያስተምር ነበር። ከሩዋንዳ ሕዝብ አብዛኛው ደግሞ የእኛው ሃይማኖት ተከታይ ነበር። በአንድ መንበረ ታቦት ፊት መቆም ብቻውን ከጥላቻ እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሀገራችን ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2 ቀን 2022 የፕሪቶርያ ስምምነት ድረስ ስለ ነበረው የሰሜኑ ጦርነት ወገኖቹ እስከ ዛሬ የተለያየ መጀመሪያ ይናገራሉ። አንዱ በሰሜን ዕዝ ላይ ከተፈጸመው ጥቃት፣ ሌላው ከዚያ በፊት ደርሶብኛል ከሚለው ጫና ይጀምራል። ፍርዱን ለሚመለከታቸው ትተን አንድ ነገር ብቻ እናስተውል። በሰኔ 2020 የሃይማኖት አባቶችና የሀገር ሽማግሌዎች ለሽምግልና መቀሌ ድረስ ሄደው ነበር። በሩ ያን ጊዜ ገና ፈጽሞ አልተዘጋም ነበር። በዚያ መስከረም ግን የክልሉ ምርጫ ተደርጎ፣ የፌዴራሉና የክልሉ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ሕጋዊነት አልቀበልም ሲሉ፣ ከቃል ይልቅ ጦር ቀረበ። በ2023 በአማራ ክልል በተነሣው ግጭትም ይህንኑ የተዘጋ በር ጥያቄ ልናነሣ ይገባናል።

6. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ (4፥1-3) ጠብና ጦርነት ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ፣ መልሱን በሰው ልብ ውስጥ ከሚዋጉት ምኞቶች ላይ ያኖረዋል። ይህ ማለት ግን የጦርነት መንስኤ በግል ኃጢአት ብቻ ያልቃል ማለት አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2317 ላይ ኢፍትሐዊነትን፣ ከመጠን ያለፈ የኑሮ ልዩነትን፣ ቅናትን፣ አለመተማመንንና ትዕቢትን አብሮ ይዘረዝራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1963 ሰላም በእውነት፣ በፍትሕ፣ በፍቅርና በነጻነት ላይ እንደሚቆም አስተማሩ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ባወጣው የሃይማኖት ነጻነት ሰነድ ማንም ሰው ከኅሊናው ውጭ እንዲያምን ሊገደድ እንደማይገባ ደነገገ። መጋቢት 12 ቀን 2000 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጆች እውነትን ለማገልገል ሲሉ ከወንጌል ጋር የማይስማማ መንገድ ስለ መጠቀማቸው በይፋ እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመኑ። በመጋቢት 2017ም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ስለ ሩዋንዳ እንዲሁ አደረጉ።

አንዳንድ ምእመናን «ይህን ማንሣት ቤተ ክርስቲያናችንን ማሳጣት አይሆንምን?» ይሉ ይሆናል። አይሆንም። ያዕቆብና ዮሐንስ ጌታን ያልተቀበለችውን የሳምራውያን መንደር እሳት ከሰማይ ወርዶ እንዲያጠፋት በጠየቁ ጊዜ ጌታ ገሥጿቸዋል (ሉቃ. 9፥54-55)። ወንጌላዊው ይህን የሐዋርያት ድካም አልሸሸገውም። ለእምነታችን ያለን ፍቅር እውነትን የሚፈራ ከሆነ ገና አልጠነከረም። የራሱን ድርሻ የሚናገር ወገን ደግሞ ሌላውም የራሱን እንዲናገር መንገድ ይከፍትለታል።

7. ለእኛ ምን ይላል?

በየቤተሰባችን፣ በየእድራችንና በየቁምስናችን የሚነሣ ጠብ ከትልቁ ጦርነት ጋር አንድ ዐይነት ሥር አለው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድንለማመድ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ወሬ ሲመጣልን «ማን ጀመረው?» ከማለታችን በፊት «ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?» ብለን እንጠይቅ። በስልካችን የሚደርሰንን የግጭት ዜናም ሥሩን ሳናጣራ ለሌላው አናስተላልፍ።

ሁለተኛ፣ የሌላውን ወገን ፍርሃት ስሙን ጠርተን ለመናገር እንልመድ። «እነርሱ ክፉዎች ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ «እነርሱ ይህን ይፈራሉ» ማለት ግን ማዳመጥን ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ስለ እምነታችን ስንመሰክር የጎረቤታችንን ጥምቀት፣ ጾምና በዓል ከማቃለል እንጠበቅ። የአቦ ዕለት የሚሳለመውን ጎረቤታችንን የሚያቈስል ቃል ወንጌልን አይሰብክም።

አራተኛ፣ የሽምግልናን በር ክፍት እናድርግ። በቁምስናችን ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን የሚያሰማበት፣ የሚሰማውም ሽማግሌ የሚያገኝበት ቦታ መኖሩን እናረጋግጥ። ዘግይቶ የመጣ ማሻሻያ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያጣ ከላስታ ተምረናል።

የመወያያ ጥያቄዎች ለትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎች

1. በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጦርነት ሰበቡ ምን ነበር? ሥሮቹስ? ከአምስቱ ከሁሉ የከፋው የትኛው ይመስላችኋል? ለምን?

2. አባ ፓኤዝና ፓትርያርክ ሜንዴዝ ያምኑ የነበረው አንድ ሃይማኖት ነው። የሥራቸው ፍሬ ለምን ተለያየ?

3. ዐፄ ሱስንዮስ አሸንፈው ሳሉ አዋጁን መሻራቸው ሽንፈት ነውን ወይስ ጥበብ?

4. የምታውቁትን አንድ ግጭት ምረጡ። በመጀመሪያ የራሳችሁን ወገን ድርሻ፣ ቀጥሎ የሌላውን ድርሻ ጻፉ። የትኛው ከበዳችሁ?

5. በሰፈራችን የተዘጋ የአቤቱታ በር አለን? ለመክፈትስ ከማን ጋር ልንሠራ እንችላለን?

በወይና ደጋ ሜዳ ለወደቁት፣ በሁለቱም ወገን ስለ እምነታቸው ለሞቱት፣ በዘመናችንም በሰሜንና በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ለረገፉት ወገኖቻችን ሁሉ የሰላም አምላክ ዕረፍትን ይስጥልን። ለእኛም የራሳችንን ድርሻ የሚያይ ዐይን፣ የወንድማችንን አቤቱታ የሚሰማ ጆሮ ያድለን። አሜን።